እትዬ ብዙነሽ፣ የሁለት ቀበሮዎች ወዳጅ

የእትዬ ብዙነሽን ማረፍ የሰማሁት ካዚኖው ውስጥ፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ነው። ስልኬ ላይ የዳላስ ቁጥር ሳይ፣ ልጃቸው ዘንድ የሄዱት እሳቸው መስለውኝ «ዛሬስ ቀደሙኝ!» ብዬ አነሳሁት። ልጃቸው ዮናስ ነበር።

«ራሄል፣ እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለኝ። አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል። «አረፈች» የሚለውን ቃል ግን ቀስ ብሎ፣ አስተካክሎ ነው ያለው። ልቧ ነው አለኝ። ልብሷን ለብሳ፣ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠች ነው ያገኛት።

ብሬኬ አልቆ ወደ ብላክጃክ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ካርድ ማደል እጄ ራሱ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣ አንድ ደንበኛ ግን ፊቴን አይቶ «ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ጎረቤቴ ሞተችብኝ አልኩት። «ብዙ ዓመት ትተዋወቁ ነበር?» ሲለኝ አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ከእትዬ ብዙነሽ ጋር የተቀራረብነው ከአንድ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ላስ ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ የተባለ ሰፈር ውስጥ አንድ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት እየኖርን፣ መኪና ውስጥ ሆነን እጅ ከማውለብለብ አልፈን አናውቅም። ያኔ እኔ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር፣ እሳቸው አንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ በጠዋቱ ይገባሉ። እኔ ስተኛ እሳቸው ይወጣሉ።

ያገናኘን የኮሮና ወረርሽኝ ነው። እሱና አንድ ካዮቲ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ የጸደይ ወራት ካዚኖዎቹ ሁሉ ተዘግተው እቤት ስንቀመጥ ሰፈሩ እንደዚያ ጭር ብሎ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ መንገዱ መሐል አንድ እንስሳ ቆሟል። ውሻ አይደለም። ቀጭን፣ ጆሮው የቆመ፣ ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለበት ነገር ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዞሬ ልሮጥ ስል ከማዶ በረንዳ ላይ በአማርኛ «አትሩጪ! እዚያው ቁሚ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቆምኩ። እትዬ ብዙነሽ ሰፊ የወንድ ባርኔጣ አድርገው፣ በእርጋታ፣ ግን ረጃጅም እግራቸውን እየወረወሩ መጥተው ጎኔ ቆሙ። እንስሳውን ትንሽ ካዩት በኋላ እጃቸውን ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዞሮ፣ በሁለት ቤቶች መሐል አልፎ ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ወረደ።

«ምንድነው እሱ?» አልኳቸው።

«ካዮቲ ነው። የእኛ ቀይ ቀበሮ የሩቅ ዘመድ። ቁመናው፣ ቅልጥሙ ቁርጥ እሱን ነው» አሉኝ። ወዲያው የተሳሳቱ ይመስል «ቆይ፣ መልኩ ሌላ ነው። የእኛው ቀይ ነው፤ ጉሮሮው ስር ነጭ አለበት። እንደዚያ የሚያምር ነገር የለም» አሉ።

ያን ቀን ነው ማን እንደሆኑ ያወቅኩት። እትዬ ብዙነሽ አገር ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። በሙያው ተምረው የተመደቡት ባሌ፣ ጎባ ነው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ሳነቲ አምባ ላይ፣ ከመንደር መንደር በፈረስ እየዞሩ ውሻ ሲከትቡ ነው። ዲቪ ደርሷቸው ከባላቸውና ከልጃቸው ጋር ወደዚህ መጡ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ዮናስ አድጎ ዳላስ ገባ። እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ።

«ውሻ ነው የሚከትቡት ወይስ ቀበሮ?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ውሻ። ቀበሮውን የሚጨርሰው ውሻ ነው።» ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም። ብርዱ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ይኖራል፤ የሚበላው ፍልፈልና አይጥ ነው። ሰው እርሻውን እየገፋ ወደ ላይ ሲወጣ ከብቱም ውሻውም አብሮት ይወጣል። አንድ ውሻ ካበደና ቀበሮ ከነከሰ፣ ያ ቀበሮ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ቀበሮዎች ሲገናኙ አፍ ለአፍ ነው ሰላም የሚባባሉት። አንድ ሸለቆ ሙሉ ቤተሰብ በዚያ ሰላምታ ያልቃል።

ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አይለወጥም፤ እጃቸው ብቻ ባርኔጣውን ያዞረዋል። አንድ ጊዜ በሽታው ከባድ ሆኖ በገባበት ወቅት፣ ከሥራ ባልደረባቸው ከሁሴን ጋር ለዓመታት የሚያውቁት ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ ያገኙት አስከሬን ብቻ ነበር። አንዲት ሴት ቀበሮ ተርፋለች። በሄዱ ቁጥር ያችው ሴት ግልገል የሌለበትን ጎሬ አፈር እየዛቀች ታጸዳለች። «ሁሴን ማየቱ አላስችል ብሎት ፊቱን ያዞር ነበር» አሉኝ። እኔም ማልቀስ ስጀምር ሳቅ አሉ። «ቆይ እንጂ፣ አላለቀም! በዓመቱ ከሌላ ሸለቆ ከመጣ ወንድ ጋር አየናት። ሁሴን ደስታው ፈረስ ላይ አላስቀምጥ ብሎት ሊወድቅ!»

ሥራው ቀላል አልነበረም። ገበሬው ውሻዬ ከተከተበ ይሰንፋል፣ አይጮህም ብሎ ይፈራል። አንድ አባወራ በፍጹም አላስነካም ብለው በር ላይ ሲቆሙ እትዬ በኦሮምኛ «ውሻዎ መጮህ ካቆመ እኔ ራሴ እየመጣሁ እጮህልዎታለሁ» አሏቸው። ሰውዬው ከት ብለው ሳቁና ውሻውን ይዘው አቀረቡት። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር «ዛሬ ተረኛ ነሽ፣ ጩኺ እንጂ!» ይሏቸው ነበር።

ካዚኖው እስኪከፈት ድረስ ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ በቦዩ ዳር አብረን መሄድ ጀመርን። እኔ ለጤናዬ ነው የምሄደው፤ እሳቸው ለካዮቲዎቹ። ከቦዩ ግድግዳ በላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር ጎሬ እንዳላቸው አወቁ። አጠገቡ አይደርሱም። ሩቅ ቆመው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ፊታቸው ላይ የማየው ነገር እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንዳንድ እናቶች ፊት ላይ የማየው ዓይነት ነበር።

እዚህ ላይ ዋልተር ይመጣል። ዋልተር ከእትዬ ቀጥሎ ያለው ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። እኔ አሜሪካኖችን አንቱ ማለት አይመጣልኝም። እትዬ ግን ከእኔ ጋር በአማርኛ ስለሱ ሲያወሩ «እሳቸው» ነበር የሚሉት። ቢስኪት የምትባል ነጭ ትንሽ ውሻ ነበረችው። በዚያ ሁሉም ሰው በሩን በዘጋበት ጊዜ ከቢስኪት በቀር የሚያናግረው አልነበረም። አንድ ቀን በአጥር ላይ ሆኖ «ውሻዬን ጓሮ ብቻዋን ብተዋት ችግር አለው?» ብሎ እትዬን ጠየቃቸው። ካዮቲ ሲመለከቱ አይቷቸዋል፤ ባለሙያ እንደሆኑም ሰምቷል።

«በቀን? በቀን ችግር የለውም። የሚፈልጉት አይጥ ነው» አሉት።

ቢስኪትን ካዮቲ የወሰዳት ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ነው። ዋልተር በመስኮት እያየ።

እትዬ የነገሩኝ በራቸው ላይ ቆመው ነው። ባርኔጣቸውን አላደረጉም። «እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው» አሉኝ። «የእኛን ቀበሮ እያሰብኩ ስለዚህኛው ተናገርኩ። የእኛው አይጡን ትቶ ውሻ አይነካም። ይሄኛው ግን ያገኘውን ይበላል። ጥንቸልም፣ ፍራፍሬም፣ ቆሻሻም። ያንን መጠየቅ፣ ማንበብ ነበረብኝ። ዘመዱን ስላወቅኩ እሱን ያወቅኩ መሰለኝ።»

ከዚያ ምስር ሾርባ ሠርተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማስካቸውን አድርገው ወደ ዋልተር ቤት ሊሄዱ ተነሱ። እንድከተላቸው ጠየቁኝ፤ በእንግሊዝኛ ቃል ቢጠፋቸው እንድረዳቸው።

«እትዬ፣ ለውሻ ለቅሶ ይደረሳል እንዴ? ምን ይለናል?»

«ለውሻዋ አይደለም የምሄደው፤ ለሰውዬው ነው» አሉኝ።

ዋልተር ጋራዡ በር ላይ ሦስት ወንበር አውጥቶልን ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ሾርባውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። እትዬ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው መሬት መሬቱን እያዩ ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ ዋልተር «ካዮቲዎቹ እንዳይገደሉ ልትለምኚኝ ከሆነ የመጣሽው፣ አትድከሚ» አላቸው።

«አይደለም። የተሳሳተ ነገር ነግሬሃለሁ፤ ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት» አሉት።

ዋልተር ቀና ብሎ አያቸው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ስለ ቢስኪት ማውራት ጀመረ፤ ሚስቱ እንደመረጠቻት፣ ሚስቱ በሞተች ጊዜ አልጋው ሥር ገብታ አልወጣም እንዳለች። እትዬ አላቋረጡትም። እኔም የማስተረጉመው ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ዋልተር ሐሳቡን አልለወጠም። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በዙም ስብሰባ ሲጠራ ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ይቀጠር ብለው ከጠየቁት አንዱ እሱ ነው። እትዬ እኔ ቤት መጥተው ከእኔ ኮምፒውተር ነበር የተሰበሰቡት። ተራቸው ሲደርስ በዚያ ከባድ አነጋገራቸው፣ እየተጠነቀቁ እንዲህ አሉ፦ «እነዚህን ብትገድሏቸው ቦታው ባዶ አይቀርም። ሌሎች ይመጣሉ። ካዮቲ እንደዚህ ነው፤ በተገደለ ቁጥር ይሞላል። ግልገል ስላላቸው ቢያንስ እስኪያድጉ ጠብቁ። እስከዚያ ምግብ ውጭ አትተዉ።» አንዲት ሴት በትሕትና አመሰገነቻቸው። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። አጥማጁ ተቀጠረ።

ሁለቱን ወላጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ያዟቸው። ግልገሎቹ ምን እንደሆኑ አላወቅንም። እትዬ ብዙነሽ ለቀናት በራቸውን አልከፈቱም። ደውዬ ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ ተይኝ ትንሽ» ብቻ ይሉኛል። ሲወጡ ግን ስለ አጥማጁም ስለ ዋልተርም አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም።

እኔ ነኝ የተናደድኩት። «ለምን ይጨነቃሉ? ካዮቲ በየቦታው ሞልቷል ይባላል። እያለቀ ያለው የእኛው ነው» አልኳቸው በመንገድ ላይ ስንሄድ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «አንዱ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ፈረንጁ ሁሉ ይሳሳለታል፤ ግን እያነሰ ይሄዳል። ሌላው ሕግ አይጠብቀውም፣ ያገኘው ሁሉ ያሳድደዋል፤ ግን ይበዛል። እኔ ይሄን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳስበው ኖሬ አልገባኝም።» ትንሽ ሄደው ቆሙ። «የእኛው አመለኛ ነው። ብርድ ይፈልጋል፣ ፍልፈል ይፈልጋል፣ ከተራራው አይወርድም። ተራራው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ይሄኛው ላስ ቬጋስ ስትሠራ እያየ፣ ሰፈር ሲሠራ እየገባ ኖረ። አንቺና እኔ እንደዚህኛው ነን።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

መኸር ሲገባ ሌሎች ካዮቲዎች መጡ። አንደኛው የዋልተር ጓሮ ግንብ ላይ ቆሞ አየሁት። «እንዳሉት ሆነ!» ብዬ ልነግራቸው ስሮጥ «ዝም በይ፣ ለሳቸው እንዳትነግሪ» አሉኝ። መንገር አላስፈለገኝም። ዋልተር ራሱ በራቸውን አንኳኳ። በዚያው ቀን ሴት ልጁ አዲስ ቡችላ ልታመጣለት መሆኑን ነግሮ «አሁን ምን ላድርግ?» አላቸው።

እትዬ በዚያ ሁሉ ወር ስለ ካዮቲ ያገኙትን ሁሉ አንብበው ነበር። ዮናስም የሚያውቀውን ሰው እየጠየቀ በስልክ ይነግራቸዋል። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ የተናገሩት ስለ ካዮቲው ራሱ ነው። «ሰው መፍራት አለበት» አሉት። «አንተን ሲያይ መሸሽ አለበት። ካልሸሸ ነገ ይሞታል።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን ያስቀኛል። ጠዋት ጠዋት እትዬ ብዙነሽ ድስትና ማንኪያ፣ ዋልተር የመኪና ጡሩምባ የመሰለ ነገር ይዘው በቦዩ ዳር ይዞራሉ። ካዮቲ ሲያዩ አብረው ይጮሃሉ። እትዬ «ሂድ! ሂድ አንተ!» ሲሉ ዋልተር ተቀብሎ «ሂድ! ሂድ!» ይላል፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ። ካዮቲው ዞር ብሎ ያያቸዋል፤ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሰዎች ከበረንዳቸው እየሳቁ ያያሉ። ቤት ለቤትም ዞሩ፤ የቆሻሻ ቆርቆሮ ክዳን እንዲኖረው፣ የድመት ምግብ ውጭ እንዳያድር ይለምናሉ። ከመንገዱ ጫፍ ያሉ ወጣት ባልና ሚስት ለካዮቲ ዶሮ እየጣሉ ቪዲዮ ይቀርጹ እንደነበር ያወቁት በዚህ ዙር ነው። እትዬ አልቆጧቸውም። ስለ ቢስኪት ዋልተር ራሱ እንዲነግራቸው አደረጉ። ባልና ሚስቱ በሚቀጥለው ቀን አቆሙ።

በዚያ ክረምት ከሰፈራችን የጠፋ ውሻ አልነበረም። አጥማጁም ተመልሶ አልተጠራም።

እትዬ ያን ዓመት ወደ ባሌ የመሄጃ ቲኬት ቆርጠው ነበር። ወረርሽኙ ሰረዘባቸው። በረራው ሲከፈት ደግሞ የልብ ሐኪማቸው ሳነቲ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ጠይቆ፣ ሲነግሩት «አይሆንም» አላቸው። ከሐኪም ቤት እኔ ነበርኩ የመለስኳቸው። መኪና ውስጥ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው እያሰብኩ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ቀበሮዎቹ እኔን ማየት አያስፈልጋቸውም» አሉ። «የሚከትብ ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው። እሱ ደግሞ አለ።»

ሁሴንን ማለታቸው ነው። ሁሴን አሁን እዚያው ጎባ ነው፤ ወጣቶቹን የሚያሰለጥነው እሱ ነው። በየሳምንቱ ያወራሉ። አንድ ጊዜ ስልኩን ይዘው እየሮጡ እኔ ቤት መጡ። «ራሄል! በሥጋ ውስጥ ክትባት ደብቀው ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ያበሏቸዋል! እኛ እኮ ውሻውን ብቻ ነበር የምንከትበው!» በዚያ ዕድሜያቸው በር ላይ እየዘለሉ ነበር ያሉኝ። ከሁሴን ጋር እኔንም አገናኙኝ፤ ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዝግበው «እኔ ባልኖር ለሱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ልጄ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በሁለት ሺህ ሃያ አንድ በጋ መጀመሪያ ላይ ዮናስ መጥቶ ወደ ዳላስ ወሰዳቸው። ዋልተር ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጫነ። ከዳላስ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ካዮቲዎቹ ነው። «ይሸሻሉ?» ይሉኛል። «ይሸሻሉ» እላቸዋለሁ። «ጎሽ» ይላሉ፣ ለእኔም ለእነሱም።

የሞቱ ዕለት ከሥራ ስወጣ ገና አመሻሽ ነበር፤ ጎባ ነግቷል። መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ የሁሴንን ቁጥር ደወልኩ። ፈጥኖ አነሳው። ከኋላው የፈረስ ኮቴና ሰዎች ሲጠራሩ ይሰማል። ራሴን አስተዋውቄ ነገርኩት።

ከሰዎቹ ራቅ ሲል ድምፃቸው ቀነሰ።

«ወደ ላይ ልንወጣ ነው» አለኝ። «ፈረሶቹ ተጭነዋል። ከልጆቹ አራቱ እሷ ያስተማረቻቸው ሰዎች ልጆች ናቸው፤ በስም ያውቋታል። አሁን ብነግራቸው ሁሉም ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ሥራው ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«እንሄዳለን። ውሾቹ ዛሬ ይጠብቁናል፤ ለገበሬዎቹ ቀጠሮ ሰጥተናል።» ድምፁ ተሰበረ፤ መልሶ አቃናው። «ስንመለስ፣ ማታ፣ እነግራቸዋለሁ። ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን።»

ስልኩን ሳይዘጋ ለሰዎቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። ቋንቋውን አልሰማም። ከዚያ የፈረሶቹ ኮቴ መራቅ ጀመረ።